ሸራ ጀልባ ጣና ላይ፦ ወደቡ ላይ የሚወራውና እውነታው

እኔና ሁለት ጓደኞቼ አምስት ሜትር የምትሆን የእንጨት ጀልባ ላይ ሸራ ሰቅለን ጣና ላይ መውጣት ከጀመርን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። ባሕር ዳር ወደብ ላይ ቱሪስት ወደ ዘጌ የሚያመላልሱ የሞተር ጀልባ ነጂዎች አሉ። እኛን ባዩ ቁጥር አስተያየት አያጡም። አስተያየቱ ደግሞ ሁሌ አንድ ዓይነት ነው፤ ግማሹን እኛም ስንጀምር እናምነው ነበር።

«ነፋስ ወደሚነፍስበት ብቻ ነው የምትሄደው።»

ከሁሉም የሚበዛው ይሄ ነው። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንድ አንጋፋ ነጂ አሉ። «ልጆቼ፣ ነፋሱ ወደ ዘጌ ካልነፈሰ ዘጌን እንዴት ልታዩዋት ነው?» ብለው ስቀውብናል።

ሸራ ነፋስ የሚሞላው ከረጢት ቢሆን ኖሮ ጋሼ ልክ ነበሩ። ነፋሱ ከጎን ሲመጣ ግን ሸራው የሚሠራው እንደ አውሮፕላን ክንፍ ነው። ነፋሱ ጎበጥ ባለው ሸራ ላይ አቅጣጫውን ቀይሮ ሲያልፍ ጀልባዋን በብዛት ወደ ጎን፣ በጥቂቱ ደግሞ ወደ ፊት ይስባታል። የጎኑን ግፊት ከሆዷ በታች ውሃ ውስጥ የሚወርደው ሳንቃ ይይዘዋል። የሚተርፈው ወደ ፊት ያለው ነው። ስለዚህ ነፋሱን ፊት ለፊት መግጠም ባትችልም፣ ከነፋሱ 45 ዲግሪ ያህል ዘወር ብላ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ እያለች በዚግዛግ ትወጣለች።

በነጻ ግን አይደለም። በ45 ዲግሪ 10 ኪሎ ሜትር የነበረው መንገድ 14 ይሆናል። የእኛዋ ግን ከ50 ዲግሪ በታች ስናስጠጋት ትደክማለች፤ ስለዚህ ያው መንገድ ለእኛ 15 ኪሎ ሜትር ተኩል ነው። ዘጌ እንደርሳለን፣ ምሳ ሰዓት ካለፈ በኋላ።

«እንግዲያው ታንኳ ላይ ሸራ ብትሰቅሉስ?»

ይሄን የሚጠይቁን ወጣቶቹ ናቸው። ሞክሩት፤ ዋና ግን ቻሉ። የደንገል ታንኳ ከሆዱ በታች ውሃውን የሚይዝለት ነገር የለውም። ነፋስ ከኋላው ከመጣ ይሄዳል፣ ከጎን ከመጣ ግን እንደ ቅጠል ወደ ጎን ይንሸራተታል። ታንኳው ምንም አላጠፋም። የተሠራው ለቀዘፋና ጥልቀት ለሌለው ዳርቻ ነው፤ እዚያ ላይ የእኛዋ ከነሳንቃዋ ጭቃ ውስጥ ትቀረቀራለች።

«ነፋስ ከኋላ ሲመጣ ነው የምትበረው።»

ባሕር ዳር የብስክሌት አገር ናትና በብስክሌት ላስረዳ። ነፋስ ከኋላህ እየመጣ ስትነዳ አየሩ ጸጥ ይላል፣ ላብህ እንኳ አይደርቅም። አንተ ከነፋሱ ጋር አብረህ እየሄድክ ስለሆነ ነው። ሸራውም እንደዚያው ነው። ነፋሱ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ቢሆንና ጀልባዋ በ7 ኪሎ ሜትር ወደዚያው አቅጣጫ ብትሄድ ሸራው የሚያገኘው 8 ብቻ ነው። ነፋሱ ከጎን ቢመጣ ግን የራሷ ሩጫ ይጨመርበትና ሸራው 16 ተኩል ያገኛል። የነፋስ ጉልበት የሚያድገው በፍጥነቱ ስኩዌር ስለሆነ፣ በ8 እና በ16 ተኩል መካከል ያለው ልዩነት ከአራት እጥፍ በላይ ነው። ለእንደኛ ዓይነቷ ጀልባ ምርጡ ነፋስ የጎን፣ ወይም ከጎን ትንሽ ወደ ኋላ ያለው ነው።

«ሸራው ትልቅ ከሆነ፣ ከተጋደለችም፣ በጣም እየሮጠች ነው።»

እዚህ ላይ እኔም ተሸውጃለሁ። አንድ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ በረታ፤ ጀልባዋ በአንድ ጎኗ ተጋደለች፣ ውሃው ጠርዟን ይልሳል፣ ከኋላ አረፋው ይንጫጫል። የመሪውን እንጨት በሁለት እጄ ነበር የያዝኩት፣ ምክንያቱም ጀልባ በጣም ስትጋደል አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ ማዞር ትፈልጋለች። ጓደኛዬ ስልኩን አውጥቶ ጂፒኤሱን ሲያይ በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ላይ ነን። ሸራውን ትንሽ አወረድነውና የታችኛውን ክፍል ጠቅልለን አሰርነው። ጀልባዋ ቀና አለች፣ መሪው በሁለት ጣት የሚያዝ ሆነ፣ ስልኩም 7 ተኩል አለ። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ በመሪው ፍሬን ይዤ ነበር። መሪ ውሃ ውስጥ ገደድ ብሎ ሲቆም ከማዞር አልፎ ጀልባዋን ይጎትታታል።

«ነፋስ እስካለ ፍጥነቷ ይጨምራል።»

እስከ ልኳ ድረስ። ጀልባ ስትሄድ ከፊቷና ከኋላዋ ሞገድ ትሠራለች፤ የሞገዱ ርዝመት ከራሷ ርዝመት ጋር ሲተካከል የራሷን ዳገት መውጣት ይሆንባታል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ውሃውን የሚነካው የጀልባዋ ርዝመት በሜትር፣ ስኩዌር ሩቱ ሲባዛ በ2.43፣ መልሱ በኖት (በመርከበኞች የፍጥነት መለኪያ) ይመጣል። ውሃ ላይ ያለው ርዝመት 5 ሜትር ከሆነ 5.4 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር። ቀለል ብለው ውሃው ላይ ተነስተው የሚንሸራተቱ የውድድር ጀልባዎች ይሄን ያልፉታል። ሦስት ሰው፣ ስንቅና ውሃ የጫነች የእንጨት ጀልባ ግን አታልፍም፤ አትጨቅጭቋት።

«መጽሐፉ እንዲህ ይላል።»

ይሄኛው የኛ የራሳችን ስህተት ነው። የመርከብ መጻሕፍት የሚያወሩት ስለ ባሕር ጠረፍ ነው። ጣና ግን ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ነው ያለው፤ አየሩ ስስ ነው። በተመሳሳይ የነፋስ ፍጥነት ሸራችን የሚያገኘው ጉልበት ምጽዋ ላይ ከሚያገኘው በአንድ ስድስተኛ ያህል ያንሳል። ለዚህ ነው መጽሐፉ «ሸራ ቀንስ» በሚልበት ነፋስ እኛ ገና ዘና ብለን የምንሄደው። በሌላ በኩል ሐይቁ ጥልቀቱ ትንሽ ነው፣ ከ15 ሜትር አይበልጥም። ስለዚህ ነፋስ ሲበረታ ሞገዱ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፤ ትንሽ ጀልባን በጥፊ እየመታ ያቆማታል። ያኔ ከነፋሱ ጋር ያለውን ማዕዘን ትንሽ ሰፋ አድርጎ መሄድ ነው።

«ሸራው ጥብቅ ይበል።»

የለም። አንድ ክር ከእናቴ የጥልፍ ዕቃ ወስጄ ሸራው ላይ ለጥፌያለሁ። ክሩ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ከተኛ ደህና ነው፣ ከተወራጨ ሸራው ትክክል አይደለም። ክር ከሌለህ ገመዱን ልቀቀው፣ የሸራው የፊት ጠርዝ መርገብገብ ሲጀምር መርገብገቡ እስኪያቆም ብቻ መልሰህ ሳብ። ከዚያ በላይ አትሳብ።

«መሄዱስ እሺ፣ በምን ትመለሳላችሁ?»

ብዙ ጊዜ መሄዱ ነው የሚያስቸግረን። ቀን ላይ ፀሐይ የብሱን ከውሃው ቀድማ ታሞቀዋለች፣ የሞቀው አየር ሲነሳ የሐይቁ ቀዝቃዛ አየር ወደ ከተማው ይገባል። ባሕር ዳር በደቡብ ዳርቻ ስላለች ከ8 ሰዓት በኋላ ስንወጣ ነፋሱ ፊታችን ላይ ነው፣ ስንመለስ ግን ይዞን ይመጣል። የሚያስቸግረው ሲመሽ ነው፤ ነፋሱ መጀመሪያ ጸጥ ይላል፣ ከዚያ ከየብስ ወደ ሐይቁ ይዞራል። አንዴ አምሽተን ከደብረ ማርያም ደሴት በዚህ በኩል በመቅዘፊያ ገባን። ጋሼ ወደቡ ላይ ቆመው ነበር። ምንም አላሉም፣ ገመዱን ብቻ ተቀበሉን።