«ሃይማኖት ጣልቃ አይገባም» ማለት ምእመን ዝም ይበል ማለት አይደለም

ሥነ ዜጋ ሳስተምር 14 ዓመት ሆነኝ። በየዓመቱ አንድ ጥያቄ መልኩን ቀይሮ ይመጣብኛል። ዘንድሮ ያመጣችው የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ክፍሉ ወጥቶ እስኪያልቅ ጠበቀች፣ ደብተሯን ደረቷ ላይ እንዳቀፈች ጠጋ ብላ «ቲቸር፣ ክርስቲያን የምርጫ ካርድ ቢያወጣ ኃጢአት ነው እንዴ?» አለችኝ። ሰንበት ትምህርት ቤት የሚያስተምራት ሰው ነው «ፖለቲካ የዓለም ነው፣ ሕገ መንግሥቱም ሃይማኖተኛ እንዳይገባበት ከልክሏል» ያላት። እሷ ምን ታድርግ፣ የነገሯትን አመነች። እኔ የተናደድኩት በነገራት ሰው ነው። ይህን ነገር ከቄስም፣ ከፓስተርም፣ ከወረዳ ሹምም ስሰማ ኖሬአለሁና ዛሬ ተራ በተራ ልመልስ።

«ሴኩላር ማለት እግዚአብሔር የለሽ ማለት ነው።» አይደለም። ሃይማኖትን በሕግ ያገደችው በኮሚኒስቱ መሪ በኤንቨር ሆጃ ዘመን የነበረችው አልባኒያ ናት። ሴኩላር መንግሥት ለየትኛውም ሃይማኖት አይወግንም፣ የትኛውንም አያሳድድም። በቃ።

«መንግሥትና ሃይማኖትን የለየው ኢሕአዴግ ነው።» ይህም ስህተት ነው። በ1979 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔ የጸደቀው የደርግ ሕገ መንግሥትም መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ብሎ ጽፎ ነበር።

«ድሮ ቤተ ክርስቲያን ከመንግሥት ጋር አንድ ስለነበረች ኃይል ነበራት።» ይህን የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ቤተ ክርስቲያንን የሚወዱ ሰዎች ስለሆኑ በትዕግሥት ልመልስ። በ1948ቱ ሕገ መንግሥት ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ በመንግሥት የምትደገፍ የአገሪቱ ቤተ ክርስቲያን ነበረች፣ ንጉሠ ነገሥቱም የግድ ኦርቶዶክስ መሆን ነበረባቸው። ሲሰሙት ደስ ይላል። ግን ቀጥሎ ያለውን አንቀጽ ማንም አያነበውም። ጳጳሳቱ ሲመረጡ ሹመታቸው የሚጸናው ንጉሠ ነገሥቱ ሲፈቅዱ ነው። የሚደግፍህ ሰው ይሾምልሃል፣ የሚሾምልህ ደግሞ ይሽርብሃል። ደርግ ሲመጣ የሆነው ይኸው ነው። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ የቤተ ክርስቲያኗ መሬት ሄደ። በ1968 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ ከመንበራቸው ተነሡ፣ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። በዚያው ዓመት የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳም ታፍነው ተገደሉ። ቤተ መንግሥቱ ቀድሞም እጁን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አስገብቶ ነበር። ደርግ የወረሰው ያንኑ እጅ ነው፣ የያዘበት ዓላማ ግን ሌላ ሆነ። ስለዚህ መለያየቱ መጀመሪያ የሚጠቅመው ቤተ ክርስቲያንን ራሷን ነው እላለሁ፣ ወረቀት ላይ ብቻ ካልቀረ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «ሃይማኖት በፖለቲካ ጣልቃ አይገባም፣ ስለዚህ ክርስቲያን ዝም ይበል።»

በየወሩ በ21 የምንጠጣው የማርያም ማኅበር አለን። አምና አንድ ወር ላይ ተሰብስበን፣ ሰፈራችን ውስጥ ቧንቧው ከደረቀ ሦስት ሳምንት ሆኖት ነበር። አንዲት እናት ከሌላ ሰፈር በጀሪካን ሲያመላልሱ ወገባቸው እንደተያዘ ነገሩንና «ለምን ለወረዳው ደብዳቤ አንጽፍም?» አሉ። የማኅበሩ ሙሴ (ሰብሳቢያችን) ወዲያው እጃቸውን አነሡ። «እባካችሁ ፖለቲካ እዚህ አታምጡብን፣ ሕገ መንግሥቱም ሃይማኖት ጣልቃ አይገባም ይላል» አሉ። ሁሉም ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ዳቦው ተቆረሰ፣ ተበላ፣ ወደየቤታችን ሄድን። ውሃው ግን አልመጣም።

አሁን ያለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 የሚለውን እንየው። መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው። መንግሥታዊ ሃይማኖት አይኖርም። መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም፣ ሃይማኖትም በመንግሥት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም። የተለያዩት ሁለቱ ተቋማት ናቸው። መንግሥት ጳጳስ አይሾምም፣ ሲኖዶስ ሚኒስትር አይሾምም። ምእመኑ ግን ዜጋ ነው። ያው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ሐሳብህን ግለጽ ይለዋል፣ በአንቀጽ 38 ምረጥ፣ ተመረጥ ይለዋል። «ክርስቲያን ካልሆንክ» የሚል ቅድመ ሁኔታ የለበትም። ደግሞ የመጀመሪያው ግማሽ ለምን ይረሳል? መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም የሚለውን እኮ ነው የምላችሁ። በ2015 ዓ.ም. ጥርና የካቲት፣ ከሲኖዶሱ ፈቃድ ውጭ የጳጳሳት ሹመት ተደረገ ተብሎ ያ ሁሉ ምእመን ጥቁር ለብሶ ሲያዝን የተሟገተው ስለዚሁ ግማሽ ነበር። ያኔም «ፖለቲካ ነው» ያላቸው አልጠፋም።

ሕጉ ሲያልቅባቸው ጥቅስ ይመዛሉ። «የቄሳርን ለቄሳር፣ የእግዚአብሔርን ለእግዚአብሔር።» እሺ፣ ጳውሎስስ? ፊልጵስዩስ ላይ ያለ ፍርድ ተገርፎ ታሰረ። በነጋታው ሹሞቹ በዝምታ ይሂድ ብለው ሰው ላኩ። እሱ ግን እምቢ አለ። የሮም ዜጋ ነኝ፣ በሕዝብ ፊት ገርፈውኝ አሁን በስውር አልወጣም፣ ራሳቸው መጥተው ያውጡኝ አለ። መጡም። በኋላም ቂሣርያ ላይ ጉዳዩ ሲጠመምበት ወደ ቄሳር ይግባኝ አለ። የዜግነት መብቱን ቆጥሮ የተቀበለ ሰው ነው። ጳውሎስ ያላፈረበትን እኛ ምን ያሳፍረናል?

ፒያሳ ያለውን የአቡነ ጴጥሮስን ሐውልት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ለባቡሩ ግንባታ ተነሥቶ በኋላ ወደ ቦታው ተመልሷል። አባታችን ለፋሽስት አልገዛም፣ አርበኞቹንም አላወግዝም ስላሉ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በጥይት ተገደሉ። ጳጳስ ናቸው። የተገደሉበት ጉዳይ ደግሞ ያኔ ከነበሩት የፖለቲካ ጉዳዮች ሁሉ ትልቁ ነው። ልጆቻችንን እዚያ ወስደን ፎቶ እያነሣን፣ ቤት ስንገባ ክርስቲያን ስለ አገሩ አይናገር ማለት አንችልም።

ወሰን የለውም ማለቴ ግን አይደለም፣ እዚህ ላይ ፓስተሮችም ቄሶችም ይስሙኝ። ግፍ ሲፈጸም ግፍ ነው በሉ። ጉቦ ኃጢአት ነው ብላችሁ አስተምሩ፣ ጉቦ የሚቀበለው ፊት ለፊት ቢቀመጥም። ነገር ግን መድረክ ላይ ቆማችሁ እገሌን ምረጡ አትበሉ። ምእመኑ የመጣው ቃል ሊሰማ ነው፣ ተነሥቶ ሊከራከራችሁ አይችልም። እጩ ተወዳዳሪ ሲመጣ እንደ ማንኛውም ሰው ጸልዮ ይሂድ፣ ማይክ አትስጡት። ባለሥልጣኖችም እንዲሁ። በምትሠሩበት ቢሮ ጸልዩ፣ ማንም አይከለክላችሁም። የሠራተኛ ስብሰባን በራሳችሁ ሃይማኖት ጸሎት መክፈት ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ነበር። ጎኔ የነበረችው ሙስሊም ባልደረባዬ ጸሎቱ እስኪያልቅ ስልኳ ላይ እንዳቀረቀረች ቆየች። ጸሎቱ የኔ ሃይማኖት ነበር፣ እኔ ግን ለእሷ አፈርኩ።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። «ሴኩላር አገር ሁሉ አንድ ዓይነት ነው» የሚሉም አሉ። ፈረንሳይ መንግሥትንና ሃይማኖትን እ.ኤ.አ. በ1905 ለየች፣ አልዛስ አካባቢ ግን ያኔ በጀርመን እጅ ስለነበረ እስከ ዛሬ ካህናቱ ደመወዝ የሚቀበሉት ከመንግሥት ነው። እንግሊዝ ደግሞ ጭራሹን ሳትለይ እስከ ዛሬ መንግሥታዊ ቤተ ክርስቲያን አላት፣ 26 ጳጳሳት ፓርላማዋ ውስጥ ይቀመጣሉ። ሁሉም እንደ ታሪኩ ነው።

ለተማሪዬ «ኃጢአት አይደለም፣ አውጪ» አልኳት። ማንን እንደምትመርጥ አልጠየቅኳትም።

ለማኅበሩም በሚቀጥለው 21 ደብዳቤ ጽፌ ሄድኩ። በማኅበሩ ስም አላደረግኩትም። «እኛ ከዚህ በታች የፈረምን የሰፈሩ ነዋሪዎች» ብዬ ጀመርኩ። ሙሴው መነጽራቸውን አውጥተው ሁለት ጊዜ አነበቡት። «ይሄማ የውሃ ጉዳይ ነው» አሉና ፈረሙ። ወገባቸው የተያዘው እናት በአውራ ጣታቸው አተሙ። ማክሰኞ ጠዋት ከሁለት ሰዎች ጋር ሆነን ወረዳው መዝገብ ቤት አስገባነው፣ ቁጥር ሰጡን።