«ሶላር ለብርድ አገር አይሆንም» እና ሌሎች የተሳሳቱ አመለካከቶች

ስለ ዓለም የኃይል አዝማሚያና ስለ አዳዲስ ቴክኖሎጂዎች በደብረ ብርሃን፣ በመሐል ሜዳም ሆነ በደብረ ሲና ንግግር እንዳቀርብ ስጋበዝ፣ የጥያቄው ሰዓት ሲደርስ ምን እንደምጠየቅ አስቀድሜ አውቀዋለሁ። አዳራሹና ጠያቂው ይለያያሉ፤ ጥያቄው ግን ያው ነው። «ይህ ሶላር የሚባለው ነገር ለቆላ ነው እንጂ ለእኛ ብርድ አገር ይሆናል ወይ?» አንድ የመንዝ አዛውንት «ልጄ፣ ፀሐይዋ እኛን ራሳችንን አላሞቀችን፤ ያንን መስታወት እንዴት አድርጋ ታሞቀዋለች?» ብለውኛል። እርሳቸው ቢጠይቁ ቅር አይለኝም። የሚያስቆጨኝ በጀት የሚያጸድቁ ኃላፊዎችና ዕቃውን የሚሸጡ ነጋዴዎች ሳይቀሩ ይህንኑ መድገማቸው ነው፤ ምክንያቱም በዚህ አባባል የተነሣ በሰሜን ሸዋ ደጋ ብዙ ቤት፣ ብዙ ትምህርት ቤትና ጤና ኬላ ሊያገኘው ይችል የነበረውን መብራት አጥቷል።

እውነታው ይህ ነው። ሶላር ፓነል የሚፈልገው የፀሐይን ብርሃን እንጂ ሙቀቷን አይደለም። ብርሃን ከቁስ አካል ኤሌክትሮንን እንዴት እንደሚያስፈነጥር አልበርት አንስታይን እ.ኤ.አ. በ1905 አስረድቷል፤ ለተግባር የሚበቃ የመጀመሪያው የሲሊከን ሶላር ሴል (ፓነል የሚገጣጠምበት ትንሹ ክፍል) ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1954 አሜሪካ ውስጥ በቤል ላቦራቶሪስ ተሠርቶ ለሕዝብ ታይቷል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የሚታወቀው ነገር ሙቀት ለፓነሉ እንቅፋት መሆኑ ነው። ከፓነሉ ጀርባ የተጻፈው አቅም የተለካው ሴሉ 25 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ላይ ሳለ ሲሆን፣ ሙቀቱ ከዚያ በላይ በአንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ከአቅሙ ከ0.3 እስከ 0.5 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ቀን በጠራራ ፀሐይ ፓነሉ ከአካባቢው አየር በ25 ወይም በ30 ዲግሪ ስለሚበልጥ፣ አየሩ 35 ዲግሪ በሆነበት የሸዋ ሮቢት ቀትር ሴሉ 60 ዲግሪን ያልፋል፤ ከአቅሙም ከአሥር በመቶ በላይ ያጣል። አየሩ 18 ዲግሪ በሆነበት የደብረ ብርሃን ቀትር ግን ያው ፓነል የሚያጣው ሰባት በመቶ ገደማ ነው። በዚያ ላይ ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች፣ ብርሃኑ እኛ ዘንድ ለመድረስ የሚያቋርጠው አየር ስስ ነው፤ ስለዚህ የሚደርሰን ብርሃን ይበረታል።

ይህም ካላሳመነ ጀርመንን ይመልከቱ። አገሩ በረዶ የሚወርድበት፣ ሰማዩም ብዙውን ጊዜ ደመና ነው፤ ዓመታዊ የፀሐይ ብርሃኑም የእኛን ደጋ ግማሽ ቢያህል ነው። ሆኖም የተከላቸው ሶላሮች ጠቅላላ አቅም ከ100,000 ሜጋዋት አልፏል።

«እዚህ ተተክሎ ብርዱ ገደለው» የሚሉኝም አሉ፤ ይህን ደግሞ በዓይኔ ያየሁት ስለሆነ በዝርዝር ልንገራችሁ። መንዝ ውስጥ በአንድ ጤና ኬላ የተተከለ ሶላር በታኅሣሥ ውርጭ ማለዳ ሥራ አቆመና እንድመለከተው ተጠራሁ። ፓነሎቹ ደኅና ነበሩ፤ የተቃጠለው ከፓነሉ የሚመጣውን ኃይል ወደ ባትሪ የሚያስገባው ቻርጅ መቆጣጠሪያ ነው። ሽፋኑን ስከፍተው የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ፤ ጎኑ ላይ ከፍተኛው መጠን 150 ቮልት መሆኑ ተጽፏል። እያንዳንዳቸው 49 ቮልት የሚያወጡ ሦስት ፓነሎች በተከታታይ ተያይዘዋል፤ ድምሩ 147 ነው፤ ተካዩም «ይበቃል» ብሎ ሄዷል። ነገር ግን የፓነል ቮልት በብርድ ይጨምራል። በማግስቱ ፀሐይ እንደወጣች፣ ውርጩ ገና ከፓነሉ ጠርዝ ሳይለቅ፣ ጫፎቹ ላይ ቮልት መለኪያ ሳስቀምጥ ከ155 በላይ አነበበ። ስለዚህ ብርዱ ሶላሩን አላደከመውም፤ እንዲያውም አበረታው፤ ጥፋቱ ይህን ሳያሰላ የተከለው ባለሙያ ነው። በደጋ የሚተክል ሁሉ የፓነሎቹን ድምር ቮልት ከመቆጣጠሪያው ከፍተኛ ቮልት ቢያንስ 15 በመቶ ዝቅ አድርጎ ማስላት አለበት፤ ገዥውም ክፍያውን ከመጨረሱ በፊት ይህን ይጠይቅ።

ብርድ የሚጎዳው ባትሪን ነው። የሊድ አሲድ ባትሪ ሲቀዘቅዝ የሚይዘው ኃይል ያንሳል፤ ሊቲየም ደግሞ ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ ከተደረገ ለዘለቄታው ይበላሻል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ በሚወርድበት አገር ባትሪን በረንዳ ላይ ማስቀመጥ ገንዘብ መጣል ነው፤ አየር በሚዘዋወርበት የቤት ውስጥ ጥግ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ጣውላ ላይ ይቀመጥ። የሊድ አሲድ ባትሪ ውኃው ሲጎድል የሚጨመርለት ለባትሪ የተጣራ (ዲስቲልድ) ውኃ ብቻ ነው፤ የቧንቧም የምንጭም ውኃ አይሆንም። ፓነሉን ወደ ደቡብ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ አዘንብሉት፤ የባሕር ዛፉ ጥላ እንዳያርፍበትም ተጠንቀቁ፤ አንድ ጥግ ላይ ያረፈ ጥላ የብዙውን ክፍል ኃይል ይወስዳል። በክረምት፣ እንዲሁም ከደብረ ሲና በላይ ያለውን ከፍተኛ መተላለፊያ፣ ጣርማ በርን፣ ጉም በሚሸፍንበት ጊዜ የሚገኘው ኃይል መቀነሱ እውነት ነው፤ ይህም የብርሃን ማነስ እንጂ የብርድ ጉዳይ አይደለም።

«ሶላር የእርዳታ ድርጅት ዕቃ ነው፤ ለድሃ አይቀመስም» የሚለው ያለፈ ዘመን ወሬ ነው። በዓለም ገበያ የፓነልም የሊቲየም ባትሪም ዋጋ እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ 90 በመቶ ገደማ ወርዷል።

ተቃራኒው ስሕተት ደግሞ «ሶላር ካስገባሁ እንጀራም እጋግርበታለሁ» የሚለው ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይስባል፤ አንድ ሰዓት ቢጋገርበት 3,500 ዋት ሰዓት ይበላል። ለአምፖልና ለስልክ የሚሸጠው ባለ 50 ዋት ፓነል በቀን አምስት ሰዓት ጥሩ ፀሐይ ቢያገኝ የሚሰጠው 250 ዋት ሰዓት ነው፤ ለአንድ ጋገራ የአሥራ አራት ቀን ምርት ይጠይቃል ማለት ነው። «ይችላል» እያለ የሚሸጥላችሁ ነጋዴ ያታልላችኋል። መስመር ያልደረሰበት ቤት ለጊዜው የሚበጀው ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ነው፤ በየቤቱ የሚነደው ኩበት ለማሳው ማዳበሪያ መሆን የሚገባው ነውና።

«ዓባይ ግድብ ስላለቀ መብራት መጥፋት የለበትም።» ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ አቅሙም 5,150 ሜጋዋት ነው። ይሁን እንጂ ግድቡ ካለበት ከጉባ እስከ ቤታችሁ ባለው ርቀት ከፍተኛ የማስተላለፊያ መስመር፣ ማከፋፈያ ጣቢያ፣ የሰፈር ትራንስፎርመርና የእንጨት ምሰሶ አለ፤ መብራቱ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ከእነዚህ በአንዱ ነው። በዓል ዋዜማ ሁሉም ቤት ምጣዱን በተመሳሳይ ሰዓት ሲጥድ ለጥቂት ቤቶች ታስቦ የተተከለው ትራንስፎርመር ይወድቃል፤ ይህን ምንም ያህል ግዙፍ ግድብ አያስቀረውም። ከበቂ በላይ ማመንጫ ያላቸው ስፔንና ፖርቱጋል እንኳ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 28 ቀን 2025 አብዛኛው አገራቸው ለሰዓታት ጨልሟል። ስለዚህ ለቀበሌያችሁ አቤት ስትሉ ስለ ግድቡ ሳይሆን ስለ ትራንስፎርመሩ አቅም ጠይቁ፤ ጋገራውንም ጎረቤት ከጎረቤት ተነጋግራችሁ በሰዓት ተከፋፈሉት።

«የኑክሌር ማመንጫ እንደ ቦምብ ይፈነዳል።» አይፈነዳም፤ የብዙዎቹ ማመንጫዎች ነዳጅ የተበለጸገው (ማለትም በዩራኒየሙ ውስጥ በቀላሉ የሚሰነጠቀው ዓይነት ድርሻ) ከ3 እስከ 5 በመቶ ሲሆን ቦምብ 90 በመቶ ገደማ ይፈልጋል። የኑክሌር አደጋ ሌላ ዓይነት ነው፤ በሌላ መንገድም ይጠበቃል።

«ሃይድሮጅን አዲስ የኃይል ምንጭ ነው።» ምንጭ ከመሆን ይልቅ በአብዛኛው በሌላ ኃይል ተመርቶ ኃይልን የሚያጓጉዝ ነው።

«የኤሌክትሪክ መኪና ጣርማ በርን አይወጣም።» ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ስለከለከለ ይህ ጥያቄ በዝቷል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ተርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተር የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው የነዳጅ ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህል ያጣል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር ስለማይፈልግ እዚያም ጉልበቱ ያው ነው። ባትሪው ቶሎ የሚጎድለው ዳገቱ ብዙ ኃይል ስለሚበላ ነው፤ ቁልቁለቱ ደግሞ ከፊሉን ይመልሳል። 1,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና ከጣርማ በር ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወርድ 1,500 ሜትር ብቻ ቢወርድ እንኳ 6 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኃይል ይለቅቃል፤ ከአየርና ከጎማ ሰበቃ የተረፈውን ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር እየሠራ ባትሪው ውስጥ ያስገባዋል። ይህ የሚሆነው ግን መኪናው ማርሽ ላይ ሲሆን ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ቁልቁለት ላይ ኒውትራል የማድረግ ልማድ ያላቸው አሽከርካሪዎች የኤሌክትሪክ መኪና ይዘውም እንዲሁ ሲያደርጉ አይቻለሁ፤ በኒውትራል ምንም ኃይል አይመለስም፤ ሸክሙም ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል፤ በደብረ ሲና ቁልቁለት ደግሞ ፍሬን ሲግል ምን እንደሚያስከትል የአካባቢው ሰው ያውቃል።