ሲግናል ጄኔሬተር፦ ሞገድን አሳንሶ በልክ የሚሰጠው ሳጥን

በሬዲዮ መፈተሻ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ሲግናል ጄኔሬተር ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። የፈለጋችሁትን ፍሪኩዌንሲ በፈለጋችሁት መጠን ያወጣል። ያንን በኬብል ወደ ሬዲዮው የአንቴና መሰኪያ ትልካላችሁ፤ መስማት አለመስማቱን ታያላችሁ። ጣቢያ እስኪናገር መጠበቅ የለም።

ሞገድ ማመንጨቱ አይደለም ከባዱ፤ ማሳነሱ ነው። ጥሩ የመገናኛ ሬዲዮ ከአንድ ማይክሮቮልት ያነሰ ሲግናል ይሰማል። በ50 ኦም ላይ አንድ ማይክሮቮልት -107 ዲቢኤም (ከአንድ ሚሊዋት አንጻር በዴሲቤል የሚነገር የኃይል መጠን) ነው። አንድ ሚሊዋትን ለ50 ቢሊዮን ብታካፍሉ የሚደርሰው ማለት ነው! እዚህ ደረጃ ላይ ከሳጥኑ ሾልኮ በአየር የሚወጣ ሞገድ እንኳ ልኬቱን ያበላሻል። ስለዚህ የጥሩ ጄኔሬተር ሆድ ሲከፈት ክፍሎቹ በየራሳቸው የብረት ሳጥን ታሽገው፣ ክዳናቸው በብሎን ጥርቅም ተደርጎ ይገኛል።

በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠራውን ኤችፒ 8640ቢ የተባለ ጄኔሬተር እንይ። ከ500 ኪሎኸርዝ እስከ 512 ሜጋኸርዝ ይሸፍናል፤ መጠኑ ከ+19 እስከ -145 ዲቢኤም ይደርሳል። ልቡ በእጅ እየተዞረ የሚስተካከል ካቪቲ ኦስሌተር (በብረት ጎድጓዳ ውስጥ ሞገድ የሚያመነጭ ክፍል) ነው። ታችኞቹ ባንዶች (የፍሪኩዌንሲ ክልሎች) የሚገኙት የእሱን ፍሪኩዌንሲ ደጋግሞ ለሁለት በማካፈል ነው፤ በዚያው ጫጫታውም (ከሞገዱ ጋር የሚወጣው ያልተፈለገ ሲግናል) ይቀንሳል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። የጄኔሬተሩ ጫጫታ ወደ ጎረቤት ቻናል ከፈሰሰ ጥፋቱ በሬዲዮው ይላከካል። የ8640ቢ ደካማ ጎን የባንድ መቀየሪያው የፕላስቲክ ማርሾች ናቸው፤ በዕድሜ ብዛት ይሰነጠቃሉ። ብዙዎች በብረት ይተኳቸዋል።

ኤፍኤም የእጅ መገናኛ ሬዲዮ ስትፈትሹ ጄኔሬተሩን ቀደም ብላችሁ አብሩት። ሳይሞቅ ፍሪኩዌንሲው አይረጋም። የ1 ኪሎኸርዝ ድምፅ በ3 ኪሎኸርዝ ዴቪዬሽን (ድምፁ ፍሪኩዌንሲውን ወዲያና ወዲህ በሚያወዛውዝበት መጠን) ጫኑበት፤ ከዚያ መጠኑን ቀስ እያላችሁ ቀንሱ። መጀመሪያ ጥርት ያለ ፉጨት ነው። ቀጥሎ ሹሹታ ይገባበታል፤ በመጨረሻም ፉጨቱ በሹሹታው ይዋጣል። ጤነኛ ሬዲዮ ሩብ ማይክሮቮልት አካባቢ ፉጨቱን አሁንም በደንብ ያሰማል።

በዚህ ሁሉ መሃል የመናገሪያውን ቁልፍ እንዳትነኩ። ሬዲዮው ካስተላለፈ 5 ዋቱ በኬብሉ ተመልሶ፣ መከላከያ የሌለውን ጄኔሬተር አቴኑዌተር (ሞገዱን የሚያሳንሰውን ክፍል) ያቃጥላል። የመኪና መገናኛ ሬዲዮ ከሆነ ማይክራፎኑን ነቅላችሁ ጀምሩ።