ደምፕ ኬክ፦ ሳይመታ የሚጋገረው የአሜሪካኖች የፍራፍሬ ጣፋጭ

ደምፕ ኬክ አሜሪካ ውስጥ ለእንግዳም ለግብዣም ቶሎ የሚደርስ ጣፋጭ ነው። ኬክ ይባላል እንጂ ተቆርጦ የሚቀርብ አይደለም፣ በማንኪያ እየተዛቀ ነው የሚበላው፣ በዘሩ ከኬክ ይልቅ ኮብለር የሚሉትን ከላዩ ሊጥ ያለው የፍራፍሬ ጣፋጭ ነው የሚመስለው። ከስር የታሸገ ፍራፍሬ፣ በላዩ ከካርቶን የወጣ ደረቅ የኬክ ዱቄት (ኬክ ሚክስ የሚሉት፣ ስኳሩና ቤኪንግ ፓውደሩ አብሮ የተቀላቀለበት)፣ ከዛ ቅቤ፣ አለቀ። እንቁላል የለም፣ መምቻ የለም፣ የሚታጠበውም ያው የተጋገረበት ፒሬክስ ብቻ ነው።

ዋናው ነገር ካርቶኑ ነው። የኬክ ዱቄት በ1930ዎቹ (ሁሉም ዓመት በፈረንጅ ነው) ፒትስበርግ ያለ ደፍ የሚባል ድርጅት የጀመረው ነገር ሲሆን በጣም የተስፋፋው ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው፣ ቤቲ ክሮከር በ1947፣ ፒልስበሪ በ1948፣ ደንከን ሃይንስ በ1951 የሚባሉት የካርቶን ዱቄት ብራንዶች ገበያ ገቡ። በነገራችን ላይ ደንከን ሃይንስ እውነተኛ ሰው ነበር፣ ቤቲ ክሮከር ግን በ1921 አንድ የዱቄት ድርጅት ለማስታወቂያ የፈጠራት ሴት ናት፣ ብዙ ሰው እስካሁን የነበረች ይመስለዋል።

ደረጃውን የጠበቀው አሰራር ይሄ ነው፦ 23 በ33 ሳንቲሜትር የሆነ ፒሬክስ ውስጥ 567 ግራም የተፈጨ አናናስ ከነጭማቂው ይገለበጣል፣ በላዩ አንድ ቆርቆሮ ለፓይ መሙያ የሚሸጠው ወፈር ያለ ቼሪ፣ ከዛ አንድ ካርቶን ቢጫ ኬክ ሚክስ እኩል ይነሰነሳል፣ ከ113 እስከ 170 ግራም የገበታ ቅቤ በስሱ ተቆራርጦ ላዩን ይሸፍነዋል፣ ከ175 እስከ 180 ዲግሪ ኦቭን ውስጥ ከ45 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት። ጠርዙ ላይ ጭማቂው ሲንተከተክና ላዩ ወርቃማ ሲሆን ደርሷል። አደራ እንዳታማስሉት! ዱቄቱ የሚርሰው ከስር በሚወጣው የፍራፍሬ እንፋሎት ከላይ ደግሞ በሚቀልጠው ቅቤ ስለሆነ ካማሰላችሁት ላዩ ያ ኩርሽም የሚል ቅርፊት አይኖረውም፣ ሊጥ ሊጥ ይላል። ሌላው ችግር ደግሞ ቅቤ ያልደረሰበት ቦታ ነጭ ዱቄት እንደሆነ ይቀራል፣ ስለዚህ ሁለት ትልልቅ ጉማጅ ከመወርወር ብዙ ስስ ቁራጭ ይሻላል፣ መሃል ላይ አውጥታችሁ ደረቅ ቦታ ካያችሁ ትንሽ የቀለጠ ቅቤ ጠብ ማድረግ ነው። የወጥ ቅቤ ግን አይሆንም፣ ኮረሪማው ቼሪውን ይገለዋል።

የድሮ አሰራር የምታነቡ ከሆነ ካርቶኑን እዩት። ድሮ 517 ግራም የነበረው አብዛኛው ወደ 432 ወርዷል፣ ቤቲ ክሮከር ጭራሽ 375 ደርሷል፣ ዋጋው ግን አብሮ አልወረደም። ለዚህ ጣፋጭ ብዙም አይጎዳም፣ ቅርፊቱ ሳሳ ይላል እንጂ።

ፍራፍሬው እንደፈለጋችሁት ነው፣ የቆርቆሮ ኮክ (ፍሬው፣ ፒች) ከቀረፋ ጋር፣ አፕል፣ ብሉቤሪ። ቦይ ስካውቶች ካምፕ ሲወጡ የቆርቆሮ ኮክና የኬክ ዱቄት ብረት ድስት ውስጥ አድርገው ከስርም ከክዳኑም ላይ ከሰል እየደረደሩ ይሰሩታል፣ ኦቭን ለሌለው ሰው ጥሩ ዘዴ ነው።

አዲስ አበባ ለምትሰሩት፣ የካርቶን ዱቄቱ ሱፐርማርኬት ቢገኝም ውድ ነው፣ 2 ኩባያ የፉርኖ ዱቄት፣ 1 ኩባያ ስኳር፣ 3 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ብትቀላቅሉ ያው ነው (ቫኒላ ካላችሁ ጨምሩ)። ከፍታው ተራ ኬክን ያስቸግራል፣ ይነፋና መሃሉ ይሰረጉዳል፣ ደምፕ ኬክ ግን መነፋት ስለማይጠበቅበት ብዙም አይሰማውም፣ ራሳችሁ ከቀላቀላችሁት ቤኪንግ ፓውደሩን ከ3 ወደ 2 የሻይ ማንኪያ ዝቅ ማድረግና ትንሽ ረዘም አድርጎ መጋገር ይበቃዋል። የቆርቆሮ ፍራፍሬ ከሌለ ትኩስ አናናስ ወይም ማንጎ ከስኳርና ከትንሽ ውሃ ጋር ጭማቂ እስኪያወጣ ማብሰል ነው፣ ደረቅ ፍሬ ላይ ዱቄት ብትነሰንሱ አይርስም። ለጾም ደግሞ እንቁላል ስለሌለው ቅቤውን ወተት በሌለው ማርጋሪን ወይም በኮኮናት ዘይት መተካት ብቻ ነው፣ ካርቶን ከሆነ አንዳንዱ ወተት ስላለበት ጀርባውን አንብቡ።

ከኦቭን እንደወጣ አትብሉት፣ ጭማቂው ያቃጥላል፣ 20 ደቂቃ ያህል ሲቆይም ወፈር ይላል። ፈረንጆቹ ቫኒላ አይስክሬም ጣል ያደርጉበታል፣ እውነቱን ለመናገር በጣም ጣፋጭ ስለሆነ ያልጣፈጠ እርጎ ይሻለዋል ባይ ነኝ። የተረፈው ፍሪጅ ውስጥ 3 ቀን ይቆያል፣ ቅርፊቱ ግን ስለሚለሰልስ ማይክሮዌቭ ሳይሆን ኦቭን ውስጥ ነው መሞቅ ያለበት።