«ደህና ሆኗል እኮ፣ ለምን ይውጣል?» ስለ ባይፖላር መድኃኒት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባይፖላር የተባለው የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው መድኃኒቱን ሲያቆም ቤተሰብ «እልኸኛ ነው» ብሎ ለመፍረድ ይቸኩላል። ብዙ ጊዜ ግን የራሱ ምክንያት አለው። ያን ምክንያት ሳያውቁ መጨቃጨቅ ትርፉ ድካም ነው። ቤት ውስጥ ደጋግመው የሚባሉትን አንድ በአንድ እንያቸው።

«ደህና ሆኗል፤ አሁን ማቆም ይችላል»

ደህና የሆነው እየዋጠ ስለሆነ ሊሆን ይችላል። ባይፖላር የሚመላለስ ሕመም ነው። ስሜት ከልክ በላይ የሚነሳበት ማኒያ አለ፣ የሚወድቅበት ድባቴ አለ፣ በመሃል ደግሞ ወራት ወይም ዓመታት የሚቆይ ደህና ጊዜ አለ። በደህናው ጊዜ የሚዋጠው ክኒን ቀጣዩን ዙር ለመከላከል ነው። በተለይ ከባይፖላር መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ሊቲየም በድንገት ሲቋረጥ ማኒያው በጥቂት ወራት ውስጥ ሊያገረሽ ይችላል። ማቆም ካስፈለገም ሐኪሙ ቢያንስ በ4 ሳምንት፣ ቢቻል በ3 ወር ውስጥ ቀስ በቀስ ይቀንሰዋል።

«የማይውጠው እልኸኛ ስለሆነ ነው»

አንዳንዱ ማኒያው ይናፍቀዋል። እንቅልፍ ሳያምረው ሲሠራ የሚያድርበት፣ ሐሳብ እንደ ጉድ የሚፈልቅለት፣ ምንም የማያቅተው የሚመስልበት ጊዜ ነበር። ክኒኑ ያን ሁሉ ነጥቆ ያደነዘዘው ይመስለዋል። ሌላው እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ይወፍራል፣ ውሃ ውሃ ይለዋል፣ ጠዋት ከአልጋ መነሳት ያቅተዋል። ማኒያ ውስጥ የገባው ደግሞ መታመሙን የማወቅ አቅሙ ራሱ ይዳከማል። ያኔ «አሞሃል» ብሎ መሟገት ጠብ ከመፍጠር አያልፍም። ሐኪሙን መጥራት ይሻላል።

በደህናው ጊዜ ግን «ክኒኑ ላይ ያስጠላህ ምኑ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። «ጠዋት ያፈዘኛል» ካለ ሐኪሙ የሚዋጥበትን ሰዓት ወይም መጠኑን ሊያስተካክል ይችላል። «ወፈርኩ» ካለም ሌላ መድኃኒት ሊሞከር ይችላል። ቅሬታውን ቀላል ነው ብላችሁ አታጣጥሉበት፤ የሚውጠው እሱ ነው።

«ሱስ ያስይዛል»

ሊቲየምም ሆነ ሌላው የባይፖላር መድኃኒት ቫልፕሮኤት ሱስ አያስይዙም።

«ሊቲየም መርዝ ነው»

ከልክ ካለፈ አዎ፣ ይመርዛል። ለዚህ ነው የደም ምርመራ የሚታዘዘው። ብዙውን ጊዜ የሚፈለገው መጠን በሊትር ደም ከ0.6 እስከ 1.0 ሚሊሞል ነው። ደሙ የሚቀዳው የመጨረሻው ክኒን ከተዋጠ 12 ሰዓት ገደማ በኋላ ነው። ኩላሊትና አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢም በየጊዜው ይመረመራሉ። ኃይለኛ ተቅማጥ፣ ትውከት ወይም እንደ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች መጠኑን ከፍ ያደርጉታል። ሰውየው መንገዳገድ፣ በጣም መንቀጥቀጥ ወይም ምላሱ መተሳሰር ከጀመረ ቶሎ ሆስፒታል ውሰዱት።

ያም ሆኖ ሊቲየም፣ አውስትራሊያዊው ሐኪም ጆን ኬድ በ1949 እ.ኤ.አ. ለማኒያ እንደሚረዳ ከጻፈ ወዲህ እስካሁን ከዋነኞቹ መድኃኒቶች አንዱ ነው። ራስን የማጥፋት አደጋንም ይቀንሳል።

«ቤተሰብ መቆጣጠር አለበት»

ሲስቅ «ክኒንህን ውጠሃል?»፣ ሲናደድ «ክኒንህን ውጠሃል?»። በተደሰተም በተናደደም ቁጥር ይህን የሚሰማ ሰው ክኒኑን ቢጠላው አይፈረድበትም። ተደብቆ ምግብ ውስጥ መጨመር ደግሞ ይብሳል፤ የደረሰበት ቀን ምግቡንም እናንተንም አያምንም።

የሚረዳው ሌላ ነው። በቀን የተከፋፈለ የክኒን ማስቀመጫ፣ የስልክ ማንቂያ፣ ከጥርስ መቦረሽ ጋር ማያያዝ፣ ክኒኑ ሳያልቅ አብሮ ሄዶ ማስሞላት። ከሁሉ የምመርጠው ግን ደህና ባለበት ጊዜ አብሮ መስማማትን ነው። ለምሳሌ፦ «ሁለት ሌሊት በተከታታይ ሦስት ሦስት ሰዓት ብቻ ተኝቼ ካልደከመኝ፣ ለሐኪሜ ደውሉልኝ።» ቃሉ የራሱ ስለሆነ በኋላ እንደ ስለላ አያየውም።

«ከረሳ በሚቀጥለው ደርቦ ይውጥ»

አይደረብም። ምን እንደሚደረግ ከመድኃኒት መድኃኒት ስለሚለያይ ፋርማሲስቱን ጠይቁ። ላሞትሪጂን የተባለው የባይፖላር መድኃኒት ለቀናት ከተቋረጠ ደግሞ በቀድሞው መጠን አይጀመርም፤ አደገኛ የቆዳ ሽፍታ ሊያስከትል ስለሚችል ሐኪሙ ከትንሹ መጠን እንደገና ሊያስጀምር ይችላል። ስለዚህ «አቁሜ ነበር» ካለ ሳትቆጡ ከስንት ቀን ጀምሮ እንደሆነ ጠይቁና ለሐኪሙ ንገሩ።