ኦፍላይን ኢንስታሌሽን ምንድን ነው? ሶርስ ቤዝድ ሊኑክስን ያለ ኔት ስለመጫን

«ሶርስ ቤዝድ ሊኑክስ ያለ ኢንተርኔት አይጫንም።» ይህን አባባል ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ቆጥሬ አልጨርሰውም። ሰሞኑን ደግሞ ፔዳ አካባቢ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ አንድ ልጅ ለጓደኛው ሲያስረዳ ሰማሁ። «ጀንቱ ኮዱን ከኔት እየሳበ እኮ ነው ኮምፓይል የሚያደርገው፤ መሀል ላይ ኔት ከሄደ አለቀልህ» አለው። ጓደኛው ነገሩን እዚያው ተወው። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። እዚህ ባሕር ዳር ኔት ለወራት የጠፋበትን ጊዜ አሳልፈናል። ያለ ኔት መሥራት የሚቻለውን ነገር አይቻልም ብሎ ልጅን ማስቆም ቀላል ጥፋት አይደለም።

ሶርስ ቤዝድ ማለት ፓኬጁ (ፕሮግራሙ) አልቆለት ተሠርቶ አይመጣልህም፣ ኮዱን አምጥተህ እዚያው ማሽንህ ላይ ትገነባዋለህ (ኮምፓይል ታደርገዋለህ) ማለት ነው። ጀንቱ ከእነዚህ ሊኑክሶች አንዱ ነው። ከኦፕን ሶርስ ጋር አታምታቱት፤ ያ የፈቃድ ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ ስህተቱ። ማምጣትና መገንባት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ትእዛዙ አንድ ስለሆነ ብቻ አንድ ሥራ ይመስላሉ። ለዚያ ልጅ በተለይ እንዲህ ብለው ደስ ይለኝ ነበር፦ የጀንቱ ፓኬጅ ማኔጀር (ፕሮግራም የሚጭነው መሣሪያ) ፖርቴጅ፣ ኔት ኖሮህም እንኳ፣ ኮምፓይል ሲያደርግ ኔቱን ሆን ብሎ ይዘጋል። ኔትወርክ ሳንድቦክስ ይባላል፣ ከመጀመሪያውም በርቶ ነው የሚመጣው። እና «ከኔት እየሳበ ነው የሚገነባው» የምትለው ነገር የለም። ፋይሉ መጀመሪያ ይወርዳል፣ ትክክለኛነቱ ይጣራል፣ ከዚያ በሩ ተዘግቶ ግንባታው ይጀመራል።

ጣና ዳር ታንኳ ሲሠራ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ደንገሉ ከውሃው ዳር ይታጨዳል። ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል። ከዚያ ነው ተጠቅልሎ የሚታሰረው። ሠሪው ማሰር ከጀመረ በኋላ በየደቂቃው እየተነሳ ደንገል ሊያጭድ አይሄድም፤ ከጎኑ ከምሮታል። ክምሩ ካለ ታንኳውን ግቢው ውስጥ፣ ከሐይቁ ርቆም ቢሆን ሊያስረው ይችላል። ገመዱ ካነሰው ግን የደንገሉ ብዛት ምንም አያደርግለትም፣ ሥራው ይቆማል። ደግሞ አንድ ሰው የሚይዘውና እንጨት ጭኖ ባሕር ዳር የሚገባው ታንኳ እኩል ደንገል አይፈልጉም። ስለዚህ ማጨድ ከመጀመርህ በፊት የምትሠራው የትኛውን እንደሆነ ማወቅ አለብህ። ኦፍላይን ኢንስታሌሽን ይኸው ነው። ምንም ነገር አለማውረድ ሳይሆን፣ ሁሉንም ቀድሞ አውርዶ መከመር።

በተቃራኒው የሚሳሳቱም አሉ። ሚኒማል የሚባለውን አይኤስኦ (የዲስክ ቅጂ ፋይል) ፍላሽ ላይ ይጽፉና «ኦፍላይን ልጭን ነው» ይላሉ። እሱ ማስነሻ ብቻ ነው፣ ሲስተሙ ውስጡ የለም። ሲስተሙ ያለው ስቴጅ 3 በሚባለው ታርቦል (የታሸገ ፋይል) ውስጥ ነው፤ ጥቂት መቶ ሜጋባይት ነው፣ ኮዱን የሚገነባው ፕሮግራም፣ ኮምፓይለሩም፣ ተሠርቶ ውስጡ አለ። ሌላው የፖርቴጅ ስናፕሾት ነው። ሰዎች እሱን ካወረዱ ሁሉም ፕሮግራም በእጃቸው የገባ ይመስላቸዋል። መጠኑን ብቻ እዩት፦ መቶ ሜጋባይት እንኳ አይሞላም። የሊኑክስ እምብርት የሆነው የ6.6 ከርነል ኮድ ብቻውን ወደ 140 ሜጋባይት ነው፣ እንዴት ሊይዘው ይችላል? ስናፕሾቱ የአሠራር መመሪያ ብቻ ነው። ኮዱ ዲስትፋይልስ ይባላል፣ ለብቻው ይወርዳል።

የትኛው ኮድ እንደሚያስፈልግህ ግን በግምት አይታወቅም። ስለዚህ እኔ ሁለት ጊዜ ነው የምመላለሰው። መጀመሪያ ስቴጅ 3ንና ስናፕሾቱን ብቻ ይዤ እሄድና ኔት የሌለው ማሽን ላይ እዘረጋቸዋለሁ። ፕሮፋይሉን (መነሻ ቅንብሩን) እመርጣለሁ፣ ዩዝ ፍላጎቹን፣ ማለትም ፓኬጁ የትኞቹን አማራጭ ችሎታዎች ይዞ እንደሚገነባ የሚወስኑትን፣ እጨርሳለሁ። ከዚያ የፖርቴጅን ትእዛዝ ኢመርጅን ፕሪቴንድ እና ፌችኦንሊ ከሚሉት አማራጮች ጋር አዘዋለሁ። ምንም ሳያወርድ የሚፈልጋቸውን አድራሻዎች በሙሉ ይዘረዝርልኛል። ዝርዝሩን በፍላሽ ይዤ ኔት ያለበት ቦታ ሄጄ አወርድና ይዤው እመለሳለሁ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ አንዱ መስመር ላይ የአንዱ ፋይል ብዙ ሚረሮች (ቅጂው የሚገኝባቸው ሰርቨሮች) ተደርድረው ይመጣሉ። ከየመስመሩ አንድ አንድ ውሰዱ፣ አለበለዚያ ያንኑ ፋይል ደጋግማችሁ በማውረድ የኢንተርኔት ፓኬጃችሁን ትጨርሳላችሁ።

አንድ ጊዜ ዝርዝሩን ካወጣሁ በኋላ አንድ ዩዝ ፍላግ ቀየርኩ። ትንሽ ነገር ናት ብዬ ነበር። ከሦስት ሰዓት ኮምፓይል በኋላ ከአንድ ሜጋባይት የማትበልጥ ፋይል የለችም ብሎ ቆመ። ገመዱ ያነሰኝ ያኔ ነው። ከዚያ ወዲህ ቅንብሩን ካልጨረስኩ ዝርዝር አላወጣም። ሐሳቡን የሚቀያይር ሰው ትንሹን ኤፍ (የፌችኦንሊ አጭር ምልክት) ትቶ ትልቁን ኤፍ ይጠቀም፤ እሱ ዩዝ ፍላጉን ሳያይ የእያንዳንዱን ፓኬጅ ፋይል በሙሉ ያመጣል። ብዙ ቦታ ይይዛል፣ ግን አዲስ ፍላግ አዲስ ዲፔንደንሲ (ሌላ ተጨማሪ ፓኬጅ) ከጠራ እሱም አያድንም።

9999 የሚል ቁጥር ያላቸውን ፓኬጆች ተዉአቸው። እነሱ ኮዱን በቀጥታ ከጊት (ገንቢዎቹ ኮዳቸውን ከሚያስቀምጡበት) ነው የሚያመጡት፣ ለዚህ ሥራ አይሆኑም። ስናፕሾቱና ዲስትፋይልሱ ደግሞ የተቀራረበ ቀን ይሁኑ፤ የቆየ ቨርዥን ከሚረሮቹ ላይ ይነሳል።

ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ጀንቱ ራሱ የተሠሩ ባይነሪ ፓኬጆችም ያቀርባል። «እንግዲያው ይሄ ሁሉ ድካም ለምን?» የሚል አለ። እነሱም ቢሆኑ ቀድመው መውረድ አለባቸው እኮ! ነገሩ አልተቀየረም፣ የሚከመረው ነው የተቀየረው። ለብዙ ኮምፒውተር የሚጭን ሰው አንዱ ላይ ገንብቶ ለሌሎቹ ባይነሪውን ቢያደርስ ጥሩ ነው። ግን ማርች ኔቲቭ (ለዚሁ ፕሮሰሰር ብቻ ይስማማ) ብላችሁ የገነባችሁትን ወደ ቆየ ፕሮሰሰር አትውሰዱ፣ ኢሊጋል ኢንስትራክሽን ብሎ ይሞታል።

ፍላሹ ፋት 32 ከሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። ታርቦሉን ደግሞ እንደታሸገ ውሰዱት፣ ፍላሹ ላይ አትፍቱት፤ ፐርሚሽኑና ሊንኮቹ ይጠፋሉ። በመንገድ የተበላሸ ዲስትፋይል ካለ አትጨነቁ፣ ማጣሪያው ሃሽ (የፋይሉ አሻራ) ስናፕሾቱ ውስጥ ስላለ ፖርቴጅ ያለ ኔትም ይይዘዋል።

የመጨረሻው የሰዓት ጉዳይ ነው፣ ይሄ የኛ አገር ችግር ነው። ኔት ከሌለ ሰዓቱን የሚያስተካክል የለም። ዘንዘልማ የሚኖር አንድ ጓደኛዬ ጋ ሄጄ ገና የመጀመሪያው ፓኬጅ ላይ ኮንፊገር (ከግንባታው በፊት ማሽኑን የሚፈትሸው ስክሪፕት) ቆመ። አዲስ የተፈጠረው ፋይል ከመጣው ፋይል ይበልጥ ያረጀ ነው፣ የሲስተሙን ሰዓት ተመልከት ይላል። ዲስኩን ጠረጠርን፣ ታርቦሉን እንደገና ፈታን፣ ያው ነው። በኋላ ባዮስ ውስጥ ገባሁ። የማዘርቦርዱ ባትሪ ሞቶ ስለነበር ጓደኛዬ አዲስ አስገብቶ ቀኑን በእጁ ሞልቶታል፤ ዓመቱ 2016 ይላል። በኛ አቆጣጠር ልክ ነበር። ኮምፒውተሩ ግን የሚያውቀው በፈረንጅ ነው። ወደ 2024 ቀየርነው፣ የጠዋቱን 3 ሰዓትም 9 አልነው። እንደገና አስነሳነው፣ ኮንፊገር አልፎ ኮምፓይሉ ጀመረ።