የማስታወስ ችግር ላለባቸው ሰዎች የሚያግዙ ተለባሽ መሣሪያዎች፤ ከጅማ አንጻር

የማስታወስ ችሎታቸው የተዳከመ ሰዎች እጃቸው ላይ የሚያስሯቸው፣ አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሏቸው ወይም ጫማቸው ውስጥ የሚያስቀምጧቸው አጋዥ መሣሪያዎች ሥራ በሦስት ይጠቃለላል፤ መድኃኒትና ቀጠሮ ያስታውሳሉ፣ ሰውየው የት እንዳለ ያሳውቃሉ፣ የዋለበትን በፎቶ ይመዘግባሉ። ይህ ዳሰሳ የተጠናቀረው በጅማ የሚኖሩ አስታማሚዎችና የጤና ባለሙያዎች ስለነዚህ መሣሪያዎች በአማርኛ የሚያነቡት ነገር እምብዛም ስለሌለ ነው።

ችግሩና የጅማ አቅም

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 ከመርሳት በሽታ ጋር የሚኖሩ ሰዎች 57 ሚሊዮን ነበሩ፤ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት የሚገኙት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ከ60 እስከ 70 በመቶው አልዛይመር ነው። ስትሮክ፣ የጭንቅላት ጉዳት፣ ለዓመታት የዘለቀ የአልኮል መጠጥ የሚያስከትለው የቫይታሚን ቢ1 እጥረትም የማስታወስ ችሎታን ይጎዳሉ። በአገራችን ነገሩ ብዙ ጊዜ «ጃጅቶ ነው» ተብሎ ይታለፋል፤ ይህ ልማድ መቅረት አለበት። የታይሮይድ ዕጢ መዛባት፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረትና ድባቴ የሚያመጡት መርሳት ታክሞ ሊሻል ስለሚችል፣ መሣሪያ ከመግዛት በፊት ምርመራ ይቀድማል።

ለምርመራው ጅማ የታደለች ከተማ ናት። በ1952 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የእርሻ ኮሌጅና በ1983 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት በ1999 እ.ኤ.አ. ተዋህደው የጅማ ዩኒቨርሲቲን ፈጥረዋል። ዩኒቨርሲቲው የሥነ አእምሮ ሕክምና ክፍልም፣ የባዮሜዲካል ምሕንድስና ትምህርት ቤትም አለው፤ ሐኪሙና መሣሪያ ሠሪው በአንድ ዩኒቨርሲቲ ሥር መሆናቸው ቀላል ነገር አይደለም። ተማሪዎቹን ወደ ቀበሌና ወደ ገጠር የሚያወጣው ኅብረተሰብ ተኮር ትምህርቱም እስከ ሰዉ ቤት ደጃፍ የሚያደርሳቸው ነው።

ታሪክ

ሐሳቡ የቆየ ነው። አሜሪካዊው መሐንዲስ ቫኔቫር ቡሽ በ1945 እ.ኤ.አ. ግንባር ላይ የሚታሰር፣ የዋልነት ፍሬ የምታክል ካሜራ እንደምትመጣ ጽፎ ነበር።

በተግባር ውጤቱ በደንብ የተለካው ኒውሮፔጅ ነው። መነሻው ካሊፎርኒያ ሲሆን፣ ልጁ የጭንቅላት ጉዳት የደረሰበት ላሪ ትሬድጎልድ የተባለ መሐንዲስ ከነርቭ ሥነ ልቦና ባለሙያው ኒል ሄርሽ ጋር ሆኖ ሠራው። መሣሪያው ወገብ ላይ የሚሰካ ፔጀር (አጭር መልእክት የሚቀበል ትንሽ መሣሪያ) ነው፤ ሰዓቱ ሲደርስ ይጮሃል ወይም ይንቀጠቀጣል፣ «መድኃኒትህን ውሰድ» የሚል አጭር ጽሑፍም ያሳያል። ተጠቃሚው የሚነካው አንድ ትልቅ ቁልፍ ብቻ ነው። በእንግሊዝ አገር ባርባራ ዊልሰንና ባልደረቦቿ በ143 ሰዎች ላይ ሞከሩት፤ ተሳታፊዎቹ በሁለት ቡድን ተከፍለው መሣሪያውን በየተራ ያዙ። በ2001 እ.ኤ.አ. በወጣው ውጤት ጥናቱን ከጨረሱት ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት የዕለት ሥራቸውን በተሻለ ሁኔታ ማከናወን ችለዋል።

ሁለተኛው ሴንስካም ነው። ካምብሪጅ በሚገኘው የማይክሮሶፍት የምርምር ማዕከል የተሠራ፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ካሜራ ሲሆን፣ ብርሃን ሲለወጥ ወይም ሰው ፊት ለፊት ሲመጣ በራሱ ፎቶ ያነሳል። አንጎሏ በብግነት የተጎዳ የ63 ዓመት ሴት ፎቶዎቹን ከባለቤቷ ጋር ደጋግማ እያየች የዋለችበትን 80 በመቶ ያህል ማስታወስ ቻለች፤ በጽሑፍ ማስታወሻ ሲሆን ግን 49 በመቶ ብቻ ነበር። ከ11 ወራት በኋላም፣ ፎቶዎቹን ለሦስት ወር ሳታይ ቆይታ፣ ትዝታው አልጠፋም። የአንዲት ሴት ውጤት ስለሆነ ለሁሉም ይሠራል ማለት አይቻልም፤ ያም ሆኖ አስደናቂ ነው።

ከዚያ ወዲህ ስማርት ሰዓቶችና ጂፒኤስ (በሳተላይት ቦታን የሚያውቅ ሥርዓት) ያለባቸው የጫማ ገበሮች መጥተዋል።

መገኛ ጠቋሚዎች

ለቤተሰብ በጣም የሚጠቅመው ይኸኛው ዓይነት ነው። መሣሪያው ከሳተላይቶች በሚደርሰው ምልክት ቦታውን ያሰላል፣ ውስጡ ባለው ሲም ካርድ ደግሞ ለተመዘገቡ ቁጥሮች በኤስኤምኤስ ይልካል። ሲሙ ውስጥ ሒሳብ ከሌለ የትም አይደርስም። በጅማ መርካቶ ውስጥ በቆርቆሮ በተሸፈኑ ጠባብ መተላለፊያዎች ቦታውን ሊያሳስት ይችላል፤ አዌቱ ወንዝ ዳር ሜዳ ላይ ግን በደንብ ይሠራል። ብዙዎቹ በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ቻርጅ መደረግ አለባቸው፤ መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል ፓወር ባንክ ቤት ውስጥ ቢኖር ይመረጣል። የጅማ ዝናብ ስለማይቀር ውኃ የማያስገባ መሆኑም መታየት አለበት።

ሰው ላይ ጠቋሚ ማሰር ያከራክራል። ነጻነትን የሚጋፋ ነው የሚሉ አሉ፤ በር ከሚቆለፍባቸው ይሻላል የሚሉም አሉ። የሁለተኞቹ ክርክር ያመዝናል፤ ጎህ ሲቀድ ወደ መስጊድ ወይም ወደ ቤተ ክርስቲያን መሄድ የለመዱን አባት ቤት ዘግቶ ማስቀረት የሚያደርሰው ጉዳት ግልጽ ነውና። ሆኖም ነገሩ ገና በሚገባቸው ጊዜ ፈቃዳቸውን መጠየቅ ግድ ነው። ካሜራን በተመለከተ ጥንቃቄው የበለጠ ይሁን፤ ቡና ሊጠጡ የመጡ ጎረቤቶችም ፎቶ ውስጥ ይገባሉ። በአገራችንም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል።

የሰዓት አቆጣጠር

አብዛኞቹ ስማርት ሰዓቶች የጠዋቱን 2 ሰዓት 8 ብለው ያሳያሉ። ለጤነኛ ሰው ስድስት መቀነስ ቀላል ነው፤ አዲስ ነገር መያዝ ላቃተው ሰው ግን መድኃኒት የሚያሳስት ነው፤ ዕድሜ ልኩን የለመደው አቆጣጠር ግን ብዙ ጊዜ አብሮት ይቆያል። መፍትሔው ሰዓቱ በራሱ እንዳይስተካከል አድርጎ የጊዜ ቀጠናውን ከእኛ በስድስት ሰዓት ወደ ኋላ በሆነችው በቦነስ አይረስ (አርጀንቲና) ላይ ማድረግና የ12 ሰዓት አቆጣጠር ማድረግ ነው። ያኔ ሰዓቱ የእኛን ያሳያል፣ ቀኑም የሚለወጠው ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ነው። በድምፅ የሚያስታውስ ከሆነ ደግሞ የቤተሰብ ሰው በአፋን ኦሮሞም ሆነ በአማርኛ፣ በሚግባቡበት ቋንቋ ቢቀዳው ይመረጣል።

አደጋ ሲያጋጥም የሚደወልላቸው ቁጥሮች ቅደም ተከተልም ይታሰብበት። ብዙ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያስመዘግበው መሣሪያውን የገዛውን ልጅ ነው፤ እሱ ደግሞ 350 ኪሎ ሜትር ርቆ አዲስ አበባ ሊሆን ይችላል። አንደኛው ቁጥር በእግር ደርሶ የሚመልሳቸው ጎረቤት፣ ሁለተኛው በአካባቢው የሚሠራ የሚታወቅ የባጃጅ ሹፌር፣ ሦስተኛው ልጁ ቢሆን ይሻላል። መሣሪያው ባትሪው ሲያልቅ እንዳይቸግር፣ የጎረቤቱ ስልክ ቁጥር ኮታቸው ወይም ጋቢያቸው ጫፍ ላይ በክር ይጠለፍ።